በደሳለኝ አንጓ ላይ የታሰረው ገመድ

እናንተ በስልካችሁ የምታዩት የባሕር ውስጥ አደን ሙዚቃ አለው። የኛ አልነበረውም። ሊባኖስ ነበርን፤ ወሩ መስከረም፣ ዝናብ ያልጀመረበት፣ ውሃው ሞቅ ያለና የጠራ። ከደሳለኝ ጋር አንድ ዓሣ ቤት እንሠራ ነበር። እሱ የአርባ ምንጭ ልጅ፣ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ያደገ ነው። ዋና ያስተማረኝም እሱ ነው። «የጎፋ ሰፈር ልጅ የሚያውቀው የቧንቧ ውሃ ብቻ ነው» እያለ ይቀልድብኛል።

በእረፍታችን ከዳር ወደማይርቅ ቋጥኝ እንዋኛለን። ጥልቀቱ ቢበዛ የሦስት ሰው ቁመት ነው። መነጽር፣ የእግር መቅዘፊያ፣ ወገባችን ላይ ወደ ታች የሚያወርደን ከባድ የእርሳስ ቀበቶ፤ እኔ ቢላ፣ እሱ በጎማ ተወጥሮ ገመድ የታሰረበት ጦር የሚተኩስ ጠመንጃ። አንዱ ትንፋሹን ይዞ ሲወርድ ሌላው ላይ ሆኖ ይጠብቃል።

የዚያን ቀን ደሳለኝ የጦሩን ገመድ ጫፍ የእጁ አንጓ ላይ ቋጠረው። «ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«ሐይቅ ላይ እንዲህ ነው የምናደርገው፤ ዓሣው ይዞት እንዳይሄድ» አለኝ። ውሃ ላይ ያደገን ሰው እኔ ምን ልለው?

ቋጥኙ ሥር ግሩፐር የሚሉት አንድ አፈ ሰፊ ዓሣ ነበር። ደሳለኝ ወርዶ ወጋው። ዓሣው ጦሩን እንደያዘ ስንጥቁ ውስጥ ገባና ክንፉን ዘርግቶ ተወተፈ። ደሳለኝ ወደ ላይ ይራገጣል፣ ገመዱ ይመልሰዋል። ከአፉ አረፋ ሲወጣ ሳይ ወረድኩ። ጆሮዬ ሊፈነዳ ደረሰ። ዓይኑ ፈጦ እኔን ያያል። ቢላዋን ቋጠሮው ላይ አሳርፌ በኃይል ሳብኩ፤ ውሃው ቀላ። አቅፌው ወጣሁ። ሲተነፍስ ስሰማ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ደስታዬ ሐኪም ቤት እስክንደርስ ነበር። የጣቶቹን ጅማት ቆርጬዋለሁ።

አሁን አገራችን ገብተናል፤ እሱ መካኒሳ አቦ ጋ ሱቅ አለው። ለሰላምታ የሚዘረጋልኝ ክንዱን ነው። ለደንበኞቹ ሁሉ «ጌታ ያተረፈኝ በዚህ ሰው ነው» ይላል፤ እኔ የምገባበት ይጠፋኛል። ስለዚህ ልጆች፣ ሰው ለማዳን ስትሮጡም ቢሆን ስለቱ የሚያርፍበትን እዩ። እኔ ያየሁት ዓይኑን ብቻ ነው።

ባለፈው የልጁን ሸሚዝ ሊቆልፍ ሲታገል ደረስኩና ቆለፍኩለት። «ያኔ ገመዱን መሃሉ ላይ ብትቆርጠው እኮ ይበቃ ነበር» አለኝና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ከዚያ ታክሲ ይዤ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እስከ ለቡ ሄድኩ።