የአርዲቦው ውሻ ምርመራ

ጨው በሙቅ ውሃ ሲሟሟ ባየሁ ቁጥር ጣቶቼ ስስ ብርጭቆ የያዙ ይመስለኛል። ዛሬ ውጫሌ ከተማ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ሐይቅ ከተማ ክሊኒክ ውስጥ ሦስተኛ ሳምንቴን የያዝኩ ተለማማጅ ነበርኩ።

ሐኪሟ ለክትባት ገጠር ወጥታ ብቻዬን ሳለሁ አንድ ባጃጅ ግቢያችን ገባ። ነጂው ከአረብ አገር የተመለሰ ወጣት ነው። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ቡናማ ውሻ አቅፈው ተቀምጠዋል።

«ከአርዲቦ ነው የመጣነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ከስቶ አለቀብኝ። ጎረቤት አብዷልና ነገ እንገድለዋለን ይለኛል።»

«ውሃ ይጠጣል? ሰው ነክሷል?»

«ኧረ ይጠጣል! መንከሱ ይቅርና መጮኹንም ትቷል።»

ከንፈሩን ገለጥ ባደርገው ድዱ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ከረጢቱ ላይ የወጣው ዓይነ ምድሩ ደግሞ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። ቆንጠር አድርጌ በወፍራም የጨው ውሃ በጠበጥኩት፤ አጥልዬ ብልቃጥ ሞላሁና አፉን በስስ ብርጭቆ ከደንኩት። ትል ካለ እንቁላሉ ተንሳፎ ብርጭቆው ላይ ይለጠፋል። ሩብ ሰዓት ስንጠብቅ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ የዓሣ ሽታ ይዞ በመስኮቱ ይገባ ነበር።

ብርጭቆውን አንስቼ በማይክሮስኮፑ ባይ ክብ ክብ ነገር ሞልቶታል። «አገኘሁት!» ብዬ ጮኽኩ። ለካ የአየር አረፋ ነበር። እፍረት ፊቴን አጋለው።

«ቀስ በይ፣ የትም አንሄድብሽም» አሉ ሽማግሌው።

ሌላ አዘጋጅቼ በእርጋታ አየሁ። አሁን መጡ! ሞላላ፣ ስስ ቅርፊት ያላቸው፣ ውስጣቸው እንደ ወይን ዘለላ። ደም የሚመጠው የመንጠቆ ትል እንቁላል!

የባጃጁ ልጅ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየና «ሱብሃነላህ! ይሄ ሁሉ እሱ ሆድ ውስጥ?» ብሎ ወደኋላ ዘለለ። ሽማግሌውም ጎንበስ ብለው አዩ። «አብዷል ያለ ሁሉ መጥቶ ይይልኝ!» አሉ፤ ሦስታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከሰዓት ሐኪሟ ስትመለስ ብርጭቆውን አይታ «ጎበዝ» አለችኝና መድኃኒቱን ሰጠች።

ከወር በኋላ ሽማግሌው ብቻቸውን መጡ። ደነገጥኩ።

«ሞተ እንዴ አባባ?»

«ኧረ ምን ሆኖ! ሟች ባለቤቴ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ መንገድ ወጥቶ የሚቀበላት እሱ ነበር። እሷ ከሄደችም በኋላ አልተወም፤ ሲታመም ነው የቀረው። ያለፈው ቅዳሜ እንደገና ወጣ።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

ፈገግ አሉ። «ምን አደርጋለሁ፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እስኪመሽ አብረን ጠበቅናት።»