አጎዛው የጠጣው የፍሬን ዘይት

ዛሬ ደብረ ማርቆስ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ያ የፍሬን ዘይት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። መካኒኩ የአባባን አሮጌ መኪና ዞሮ ዞሮ አየና፣ «እህቴ፣ ዘይቱ በየት እንደሚሄድ አይታወቅም። ለቁራሌው ሽጪያት» አለኝ። ደሜ ፈላ። ይህን ቃል በአሥራ አራት ዓመቴም ሰምቼዋለሁ።

አባባ አማኑኤል ከተማ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ በዚህችው መኪና ይጁቤ ገበያ ይመላለሳል። አንድ ክረምት ፍሬኑ ሲረገጥ እስከ ወለሉ ይሰምጥ ጀመር። ዘይቱ በየቀኑ ይጎድላል፤ መሬት ላይ ግን አንዲት ጠብታ የለም። ሁለት መካኒኮች አራቱንም ጎማ ፈትተው ምንም ሳያገኙ ሲቀሩ፣ «ሽጣት» አሉት።

«እነሱ ስላላገኙት በቁሟ ልቅበራት?» አለ አባባ። ወደ እኔ ዞረና፣ «አፍንጫሽ ከእኔ ይሻላል፤ ግቢና አሽትቺ» አለኝ።

ያን ቀን የዒድ ቀሚሴን ለብሼ ነበር። እናቴ ከሱቁ በር፣ «ኧረ ቀሚሷ ይቆሽሻል!» ብላ ጮኸች።

«ይቆሽሽ!» አላት።

ጭንቅላቴን ከፔዳሉ ሥር አስገባሁ። አባባ ብርዱን ፈርቶ እግሩ ሥር ያነጠፈውን አጎዛ ጨመቅ ሳደርገው፣ ዘይቱ በጣቶቼ መሃል ወረደ። ለካ ከፔዳሉ ጀርባ የሚፈስሰውን ሁሉ ጸጉሩ ሲጠጣው ከርሟል! አባባ አጎዛውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ሰው እያየው፣ መካኒኮቹ ደጅ ድረስ ሄደ።

ዛሬ ከፔዳሉ ሥር አጎዛ የለም። ሌላ ቦታ መፈለግ ሊኖርብኝ ነው። ጫማዬን አውልቄ መሬቱ ላይ ተንበረከክሁ።

«እህቴ፣ ኧረ ቀሚስሽ ይቆሽሻል!» አለ መካኒኩ።

«ይቆሽሽ!» አልኩት።