ሦስቱ በጎች ያደጉበት

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እኔና ልጄ ሐያት ደሴ ካለው ሰኞ ገበያ ተነስተን የኮምቦልቻ ሚኒባስ ተሳፈርን። የምንሄደው ስለ በግ ልንጠይቅ ነው።

ሐያት ለሁለተኛ ዲግሪዋ የበግ ደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችን ታጠናለች። በደሴ ብርድ ያደገ በግና በኮምቦልቻ ሙቀት ያደገ በግ ደማቸው ይለያያል ወይ? ፕሮቲኑን ቆራርጦ የሚመዝን መሣሪያ ውጤቱን ሰጥቷታል። ሰኞ ዕለት፣ የትም አገር ያለ ተመራማሪ በነፃ እንዲጠቀምበት ኢንተርኔት ላይ ትለቀዋለች።

ታዲያ «ደሴ» ተብለው ከተመዘገቡት ውስጥ የሦስት በጎች ደም የኮምቦልቻ በግ ደም መሰለ። ሐያት አዲስ ነገር አገኘሁ ብላ እንቅልፍ አጣች። እኔማ ከእሷ ብሼ ወሬውን ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሼ ነበር። አማካሪዋ ግን «ከመልቀቅሽ በፊት አስተዳደጋቸውን አጣሪ» አሏት።

ከሦስቱ አንዱ የእኔ፣ ሁለቱ የጎረቤቴ ነበሩ። ደማቸውን የወሰደችው የአረፋ ዋዜማ እኛው ግቢ ነው፤ አሁን ታርደው ተበልተዋል። ሁለታችንም እናት በጎቻችንን ሰይድ ለሚባል ሰው ርቢ ሰጥተን ነበር፤ እሱ ያረባል፣ ግልገሉን እንካፈላለን። ርቢውን ስንሰጠው ከደሴ በላይ ባለ መንደር ይኖር ነበር። በኋላ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጠረ። በጎቹ ግን ከወላጆቹ ጋር ቀርተዋል ብዬ አምኜ፣ ሐያት ስትጠይቀኝ «ደሴ ነው ያደገው» አልኳት፤ ጎረቤቴም እንደኔው አላት።

መንገዱ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ወረደ። ሙቀቱ ሲበረታ ጋቢዬን አጥፌ ጭኔ ላይ አደረግሁ።

«አባባ፣ ሰይድ ሌላ ቢልስ?» አለች ሐያት።

«ምን ሊል? እኔ የማውቀውን?»

ረፋድ፣ ኮምቦልቻ

በባጃጅ ከፋብሪካው ጀርባ ደረስን። ሰይድን በረፍት ቀኑ ለሁለት በጎች ሣር እያጨደ አገኘነው።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ይማም። በጉ ጣፈጠዎት?»

«አልሐምዱሊላህ። ልጄ ትጠይቅህ።»

ሐያት ደብተሯን ዘረጋች። «በጎቹ የት ተወለዱ?»

«እዚሁ ነዋ። እናቶቻቸውን ስወርድ ይዣቸው ወረድኩ። ወላሂ፣ ግልገሎቹ ደሴን ያዩት ሊታረዱ ሲሄዱ ነው።»

ሐያት ብዕሯን አስቀመጠች። አዲሱ ግኝቷ እዚያው ሣሩ ላይ ሞተ።

ሰይድ ፓፓያ ቆርጦ አቀረበልን። እኔ ግን አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ አልደብቀውም። «በጎቹ የሉም፤ እንዳለ ብትለቂው ማን ያውቃል?» አልኳት በሹክሹክታ።

«አባባ፣ አንድ ሰው ይህን አምኖ ዓመቱን ቢጨርስበትስ? አንተ ነህ ያልደረስሽበትን አትናገሪ እያልክ ያሳደግከኝ።»

ሰይድ ሳቀ። «ጋሼ፣ አሁን ማን ማንን እየመከረ ነው?»

እኔም ስቄ ፓፓያዬን አነሳሁ። 

መልስ

ሚኒባሱ ዳገቱን ሲይዝ ሐያት ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ከፍታ ሦስቱን በጎች ወደ ኮምቦልቻ ረድፍ አሻገረች። ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ። «እየው፣ ሁለቱ ቡድኖች ተለዩ። ያደፈረሱት እነዚህ ሦስቱ ነበሩ።» ስክሪኑ ላይ ሰማያዊና ቀይ ነጥቦች ለየብቻ ተሰብስበዋል። እኔም ተደስቼ ጎኔ ለተቀመጡት አዛውንት ስለ ፕሮቲን ማስረዳት ጀመርኩ።

እሑድን ሙሉ የቀሩትን የበግ ባለቤቶች በር እያንኳኳሁ ዞርኩ። «በጉ የማን ነው?» ማለት ትቼ «ማን ዘንድ አደገ?» እላለሁ። ሌላም አንድ በተሳሳተ ቦታ የተመዘገበ በግ ተገኘ።

ልጆቼን ውሸት እንዳይናገሩ በቁጣ አሳድጌያለሁ። ሳያጣሩ እርግጠኛ መሆንም የውሸት ወንድም መሆኑን ግን ያስተማረኝ የለም፤ የተማርኩት በዚህ ጉዞ ነው።

ሐያት መረጃውን ከመልቀቋ በፊት የማስተካከያውን ማስታወሻ አነበበችልኝ፤ «የአራት በጎች ማደጊያ ቦታ በባለቤቶቹ ስህተት ሌላ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር» ይላል።

«ባለቤቶቹ ብለሽ አታልፊው። አንዱ አባቴ ነው በዪ» አልኳት።

«አባባ፣ ተመራማሪዎቹ የሚፈልጉት በጉ የት ሣር እንደበላ ነው» አለችና ለቀቀችው።