የጋሽ ማርቆስ ዲስክ

ነገሩ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። የተበላሸ ኮምፒውተር የያዘ ደንበኛ በገባ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ሥራዬ ደግሞ ጂንካ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር መጠገን ስለሆነ የማይታወሰኝ ቀን የለም ማለት ነው።

ጋሽ ማርቆስ ከጂንካ ራቅ ብላ የምትገኘው የወይጦ ሰው ናቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር። የአፍ መፍቻቸውን የፀማይኛን ቃላት ከየሽማግሌው እየጠየቁ ለዓመታት በኮምፒውተር ሲጽፉ ኖረዋል። የከብት መልክ መጠሪያው ብቻ ብዙ ገጽ ነበር። ከጠየቋቸው ሽማግሌዎች አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ያን ጊዜ ፍላሽ የነካውን ኮምፒውተር ሁሉ ቫይረስ ይጨርሰው ነበር። ስለዚህ እኔው ራሴ ቫይረስ እምብዛም የማይደፍረውን ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ጭኜላቸው፣ «ጋሼ፣ ፍላሽ የሚባል ነገር እንዳያስጠጉበት» ብዬ አስጠንቅቄያቸው ነበር። ቃሌን አከበሩ። ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ጠዋት ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ መንገዱን ሁሉ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መጡ። ሳበራው ጥቁሩ ስክሪን ላይ የከርነል ስህተት ተደረደረ። ከርነል የሲስተሙ ዋና አንቀሳቃሽ ነው፤ መጀመሪያ እሱ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። መልእክቱን ሳነብ ግን ዲስኩን ማንበብ አቅቶት ነው የሚጮኸው። ዲስኩም ቀጭ ቀጭ ይላል።

እየሞተ ያለ ዲስክ አይጠገንም። ነፍሱ ሳትወጣ ያለውን ሁሉ ወደ ጤነኛ ዲስክ መገልበጥ፣ ከዚያ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ነው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ግልበጣውን አስጀመርኩና ተቀመጥኩ።

እኛ ከተማ ደንበኛ ዕቃውን ትቶ አይሄድም። ወንበር ስቦ አጠገባችን ይቀመጥና እጃችንን ያያል። እጃችን ከቆመ አልቻልንም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሴት ነኝ፤ «እሷ ናት የምትጠግነው?» የሚለውን በየቀኑ እሰማለሁ። ስክሪኑ ላይ ምን ያህል እንደተገለበጠ የምታሳየው ቁጥር ንቅንቅ አትልም። ምሳ ሰዓት አለፈ።

«ልጄ፣ ከበደሽ እንዴ?» አሉኝ ጋሽ ማርቆስ። «ቁጭ ብለሽ እኮ ነው የዋልሽው። ካልሆነ አርባ ምንጭ ልውሰደው፤ አትፈሪ፣ ንገሪኝ።»

በደግነት ነው የተናገሩት። እኔን ግን አንገበገበኝ። «ኧረ አልከበደኝም!» አልኩና ግልበጣውን አቋረጥኩ። ነፍሱ ልትወጣ በተቃረበው ዲስክ ላይ የጥገና ትእዛዝ ሰጠሁ። «ይህን ላስተካክል? ያንን ላጥፋ?» እያለ ሲጠይቀኝ ሁሉንም እሺ አልኩት። ነጫጭ ፊደላት እንደ ጉድ ይወርዱ ጀመር፤ እኔም ኪቦርዱን እቀጠቅጣለሁ።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ ደስ ብሏቸው።

ብዙም አልቆየ። ዲስኩ አንዴ ተንቋቋና ዝም አለ። አጥፍቼ ባበራው፣ ገመድ ብቀይር፣ ሌላ ማሽን ላይ ብሰካው ከናካቴው አልታወቅ አለ። ቀድማ የተገለበጠችውን ቁራጭ ከፈትኩ። የሲስተሙ የራሱ ፋይሎች ብቻ ናቸው። ከቃላቱ አንድም የለም።

«ሲመጣም ሞቶ ነበር፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ብርድ ልብሱን አጣጠፉና «አንቺ ምን ታደርጊ፤ ለፍተሻል። ጌታ ይባርክሽ» ብለውኝ ሄዱ።

እስከ ዛሬ ከወይጦ የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። «ጋሽ ማርቆስ ናቸው የላኩን፤ እጇ አያርፍም ብለውናል» ይላሉ። በዚህ ሙገሳ ያፈርኩትን ያህል በማንም ስድብ አላፈርኩም። እውነቱን ልነግራቸው ስንት ጊዜ ወደ ወይጦ ተነስቼ፣ መንገድ ላይ ካለችው ከቀይ አፈር ከተማ ስደርስ ከመኪና እየወረድኩ ተመለስኩ። ብነግራቸውስ ምን ይመለሳል? ቃላቱም ሽማግሌዎቹም የሉም።

ሰሞኑን የጋሽ ማርቆስ ዓይን ማየት እንዳቆመ ሰማሁ። የሚያነቡ ቢሆን ኖሮ ይህንንም አልጽፈውም ነበር።