ያሟሸሁት ድንጋይ

አዲስ ነገር ካየሁ ሳልነካው ማደር አይሆንልኝም። በደርግ ጊዜ ላሊበላ ውስጥ በአንድ የመንግሥት እንግዳ ማረፊያ ረዳት ወጥ ቤት ሆኜ ስሠራ፣ ይህ አመሌ ሰው ሊያሳስርብኝ ነበር።

ለወጥ ቤታችን የሥራ ጠረጴዛ የሚሆን ጥቁር የተወለወለ ግራናይት ከአዲስ አበባ መጣ። ርዝመቱ እኔን ያህላል። እጄን ሳሳርፍበት ቅዝቃዜው እስከ ክርኔ ወጣ፤ ፊቴንም እንደ መስተዋት አሳየኝ። ኧረ ጉድ! ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ያደግሁ ሰው፣ ድንጋይ አይቼ አፌን ይዤ ቀረሁ። ዋናዋ ወጥ ቤት ግን አልወደዱትም። “የእንጨት ጠረጴዛዬን የት አደረሳችሁት? ይሄማ የመቃብር ድንጋይ ነው” ብለው በሰው ሁሉ ፊት ተናገሩ። ባሌ ሞቶብኝ ሁለት ልጆቼን ይዤ ስንከራተት ያስቀጠሩኝ፣ ሥራውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ምድጃ ላቀጣጥል ማልጄ ገባሁ። ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ ነበር። ድንጋዩን ሳየው አሳዘነኝ፤ አዲስ ነው፣ እሳት አያውቅም። እኛ ዘንድ አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ ሥራ አይጀምርም። ጎመን ዘር ይቀባና በእሳት ይሟሻል፤ አለዚያ ይሰነጠቃል። ታዲያ ድንጋዩስ ምን በደለ? ከብልባላ ገበያ የገዛሁትን ጎመን ዘር ወቅጬ አሸሁት። ከዚያ ምድጃው ላይ የጋለውን ትልቅ ብረት ድስት አንስቼ መሃሉ ላይ አኖርኩበት። “በል እንግዲህ ልመድ” አልኩት ደግሞ፤ አፌ አያርፍ!

ቀጭ አለ። ድስቱን ሳነሳ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ከመሃል እስከ ጠርዙ ሄዳለች። ክው አልኩ። ቅባቱን በጨርቅ ጠራርጌ፣ ሰፌድ ደፍቼበት ውሃ ልቀዳ ወጣሁ።

ስመለስ ግቢው ተሸብሯል። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ስንጥቋ አጠገብ ቆመው “በመዶሻ የተመታ ነው! አሻጥር ነው!” ይላሉ። ያን ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚገጥመው ልጅ አዋቂው ያውቃል። ትናንት ድንጋዩን የሰደቡት ማን ናቸው? ዋናዋ ወጥ ቤት። እኔንማ ማን ይጠርጥር፣ ሳወድሰው ውዬ! እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ዝም ብለዋል። እኔም ልጆቼን አሰብኩና ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኔ ዝምታ ግን ውስጤን በላው። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሊቀ መንበሩ እንዲመሰክሩላቸው አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ጠራቢ አስጠሩ። ሽማግሌው ድንጋዩን በውሃ አራሱትና “ጠብቁ” አሉ። ቆመን ጠበቅን። ውሃው ከላዩ ሁሉ ደረቀ፤ ስንጥቋ ብቻ እርጥብ ሆና ቀረች፤ መሃሉ ላይ ጀምራ እስከ ዳር የምትሄድ አንዲት መስመር።

“መዶሻ ቢሆን የተመታበት ቦታ ይፈረከስ ነበር። ይሄ ሙቀት ነው” አሉ። “መሃሉ ግሎ ልስፋ ሲል፣ ዳሩ ቀዝቅዞ አልለቅም አለው። ድንጋይም እኮ ይደነግጣል።”

ምንም የማይሰማው ግዑዝ መስሎኝ፣ ለካ የሠራሁበትን ሁሉ ይዞ ኖሯል! እዚህ አገር ስንት ዘመን ድንጋይ ረግጬ ስሄድ አንድ ቀን እንዲህ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አሸተቱት። ቀና ብለው የሁላችንንም እጅ አዩ፤ ቅባቱ ያልለቀቀው የኔ ላይ ሲደርሱ ቆዩ። “ይህን ያደረገ ሰው ክፉ አላሰበም። ሊያሟሸው ነው” አሉ።

“እኔ ነኝ!” አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ሊቀ መንበሩ አፈጠጡብኝ። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። “ግራናይት ታሟሻለሽ?” እያሉ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ነገሩም በማስጠንቀቂያ አለፈ።

ሰው ሁሉ ሲወጣ የዋናዋ ወጥ ቤት እግር ላይ ወደቅሁ። “እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። እያየሁ ላሳስርዎት ነበር።”

“ተነሺ እባክሽ” አሉኝ። ድስት የምናሳርፍበት ማቶት ከሣር መጠምዘዝ ጀምረዋል፤ ዓይናቸውን ከእጃቸው አላነሱም። “ጎመን ዘሩ ጠዋት ገና በሩን ስከፍት ሸቶኛል። አንቺ ልጆች አሉሽ።”