የሸዋነሽ ወንፈል

ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ሥራ የበዛበት ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ሸዋነሽን ነው። ዛሬ እሷ ለጎረቤቷ ለጌጤ ታጭዳለች፣ ነገ ጌጤ ለእሷ፤ ወንፈል ማለት ይኸው ነው። ሸዋነሽ ግን ወንፈሉን ከማሳ አውጥታ ሐኪም ቤት ድረስ ወስዳዋለች!

በኮሮናው ጊዜ ሴቱ ሁሉ ከሕክምና ሸሽቶ ነበር። ቀድሞ ጡታቸውን ለማስመርመር ደብረ ታቦር ብቅ ይሉ የነበሩት እንኳ «በሽታው ያለው እዚያው ነው» ብለው ቀሩ። ክትባቱ ሲመጣ ደግሞ «ያመክናል» የሚል ወሬ ተነዛ። ሸዋነሽ ክንዷን ገልጣ ቀደመች። «ስድስት ወልጃለሁ፤ ከእንግዲህ ቢያመክነኝስ!» ብላ ስታስቃቸው ጎረቤቶቿ ተከተሏት። መርፌ የምትፈራው ጌጤ ብቻ አንገራገረች።

«ለእኔ ስትይ ተከተቢ፤ እኔ ደግሞ በጠራሽኝ ቀን የትም እመጣለሁ። ማርያምን!» አለቻት ሸዋነሽ። ጌጤ ዓይኗን ጨፍና ተወጋች።

በዚያው ሰሞን ሸዋነሽ ብብቷ ሥር ንፍፊት ወጣባት። ክትባቱ አንዳንዴ እንዲህ እንደሚያደርግ ነግረዋት ነበርና አልደነገጠችም፤ ወዲያው ጠፋ። አምና ግን በዚያው ጎን ጡቷ ላይ ጠጠር ያለ ነገር ዳሰሰች። ይኼኛው አልጠፋ አለ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሞት ፈርታ እንዳይመስላችሁ፣ ወሬውን ነው! «ሸዋነሽ ታመመች ከተባለ ‹ክትባቱ ነው› ይላሉ፤ ከዚያ ልጆቻቸውንም አያስከትቡም» ስትል አጫውታኛለች።

በኅዳር የስንዴ አጨዳ ላይ ጌጤ ነቃችባት። ሸዋነሽ ነዶውን እንደ ድሮው ደረቷ ላይ አቅፋ መሸከሙን ትታ፣ እጇን ዘርግታ አርቃ ትይዘዋለች።

«አንቺ፣ ነዶው ምን በደለሽ? እንደ አማት ታፍሪዋለሽ እኮ!»

«ይኮሰኩሰኛል።»

«እስከ ዛሬ ሳይኮሰኩስሽ?» ጌጤ ማጭዷን ጥላ ከክምሩ ጀርባ ጎተተቻት። ሸዋነሽ መደበቅ አቃታት፤ አሳየቻት።

«በይ፣ ነገ ከተማ ነን።»

«አጨዳው ሳያልቅ? ደግሞስ ሰው ቢሰማ…»

«ወንፈል አለብሽ! የጠራሁሽ ቀን ዛሬ ነው። ማርያምን ጠርተሽ ምለሽልኛል!»

መሐላ ነውና እሺ አለች። በማግስቱ «ብቻዋን አንለቃትም» ያሉ ሦስት ጎረቤቶች ተጨምረው፣ አንዷ በአንዷ ጭን ላይ ሆነው አንድ ባጃጅ ሞሉት። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ነርሷ ሲስተር ትዕግሥት ሸዋነሽን ተቀብላ ዳሰሰቻት፤ በመሣሪያ ታየች፣ በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ከዚያ ውጤት መጠበቅ! እነዚያ ቀናት አላልቅ አሉ፤ ጌጤ የራሷን ማሳ ትታ የሸዋነሽን አጨደች።

የውጤቱ ቀን እነዚያው ሴቶች ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ሸዋነሽ ገባች። ጌጤ የነጠላዋን ጫፍ ታኝካለች፤ ሌሎቹ እመብርሃንን ይማጸናሉ። በሩ ብርግድ አለ።

«ክትባቱ አይደለም! ሰማችሁ? ክትባቱ አይደለም!»

«እሱን ተይው! አንቺስ?» ጌጤ ጮኸች።

«እኔማ… ካንሰር አይደለም! ክፉ ያልሆነ እብጠት ነው፤ ‹እየመጡ ይታዩ› ብላኛለች ሲስተር።»

እልልታው ኮሪደሩን ናጠው። ሲስተር ትዕግሥት እየሳቀች ብቅ አለች። «ኧረ እናቶቼ፣ ሕመምተኛ አለ! እዚህ ድረስ መጥታችሁ እናንተስ ሳትታዩ ልትሄዱ ነው?»

ጌጤ ወደ መውጫው አፈገፈገች። «እኔ ሰው ልሸኝ ነው የመጣሁ።» ቆም ብላም፣ «መርፌ አለው?» አለች።

«የለውም፤ መጀመሪያ በእጅ ብቻ ነው የማየው።»

ሸዋነሽ የጌጤን ነጠላ ጨምድዳ ይዛለች። «እኔ መጥቼልሻለሁ። አሁን ወንፈሌን መልሺ!»

ጌጤ እያጉረመረመች ገባች። ከኋላዋ ሦስቱ ጎረቤቶች «እኔ ነኝ ቀጥሎ፣ እኔ ነኝ» እያሉ ወንበሩ ላይ ይገፋፉ ጀመር።