ባለ አንድ ዓይኑ ወዳጅ

ኮተቤ ያለው ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ቀን ይዤ የሄድኩት ሦስት ብሩሽና አንድ እርሳስ ነበር። ሥራ አስኪያጇ ሰናይት ነጭ ወረቀት ዘርግታ በማስመሪያ ስድስት ቦታ ከፈለችው።

«አባባ፣ እያንዳንዱ ሣጥን አንድ ትዕይንት ነው። ሰው ሲናገር አፉ አጠገብ ፊኛ ይሥሉና ባዶውን ይተዉልኝ፤ ጽሑፉን እኔ እሞላዋለሁ።»

«ማስቲካ እንደሚነፋ ሰው?»

ሳቀች። «ልክ እንደሱ!»

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሥዕል ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ እንጦጦ ላይ ሸራ እየወጠርን ለአብያተ ክርስቲያናት ስንሥል ኖርን። እዚህ ሥራው ሌላ ነው፤ የቆዩ ልብ ወለዶችን በሥዕል መተረክ፣ ወፍራም መጽሐፍ የሚሸሽ ልጅም እንዲያነባቸው።

የመጀመሪያ ሥራዬ የሁለት ነጋዴ ወዳጆች ታሪክ ነበር። ሰናይት ምዕራፍ በምዕራፍ አነበበችልኝ። አንደኛው ሌላውን እንደ ወንድም ሲያጫውተው ኖሮ መጨረሻ ላይ ለሽፍታ አሳልፎ ይሰጠዋል።

«ልጅ ሆኜ እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ወርውሬ አልቅሻለሁ» አለችኝ። «ነፍሱ ያቺ ድንጋጤ ናት፤ አደራ አባባ።»

አራት ወር ሣልኩ። ማተሚያ ቤት ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሰናይት እናት እማማ ብርቄ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጡ። ከራጉኤል ደጅ የማይጠፉ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን አደረጉና የመጀመሪያውን ገጽ አዩ፤ ሁለቱ ወዳጆች አብረው ሲስቁ።

«ይሄ ከሃዲ ምን ሊያደርገው ነው?» አሉ።

ሰናይት ክው አለች። «እማዬ! ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል! አንድ ዓይን ነው እኮ!»

ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ በቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች አሣሣል ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው በጎኑ ይሣላል፣ በአንድ ዓይን። እኔ መጨረሻውን ስለማውቅ እጄ በለመደው ሄዶ ሰውዬውን ከገጽ አንድ ጀምሮ አጋልጦታል።

«የዛሬ ልጆች ይህን አያውቁም» አልኩ፣ አፍሬ።

«እኔ እነግራቸዋለኋ!» አሉ እማማ ብርቄ።

ሰናይት ራሷን ይዛ ቆየችና ሳቋ አመለጣት። «በሉ አባባ፣ ለሰውዬው ሁለተኛ ዓይን እንፈልግለት።»

በሁለት ሳምንት ሰማንያ ሁለት ፊት አዞርኩ። በአሮጌው ፊት ላይ ቁራጭ ወረቀት እየለጠፍኩ እንደገና ሣልኩ። እማማ ብርቄም በየቀኑ እየመጡ ይገመግሙኛል።

«ዛሬስ ሰውዬው አማረበት፣ ጋሽ በየነ። ሰናይትን እድርለት ነበር።»

«እማዬ!»

አንድ ሣጥን ብቻ ሳልነካ ተውኩ፤ ወዳጁን ለሽፍቶቹ የሚጠቁምበትን። እዚያ በጎኑ ነው። ፊኛውን ግን አጠፋሁት።

«ደራሲው እኮ እዚህ አንድ ገጽ ሙሉ አናግሮታል» አለች ሰናይት።

«ዞሯል። ከዚህ በላይ ምን ይናገር?»

ሥዕሉን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ጽሑፏን በእርሳስ ሰረዘችው።

የመጨረሻው ቀን እማማ ብርቄ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምረው ገለጡ። ከሃዲነቱን ማንም ሳይነግራቸው ያወቁ ሴት፣ እዚያ ሣጥን ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ውይ! ዞረ! እኔ ደግሞ ተሻለው ብዬ ነበር!»

ሰናይት ጠረጴዛውን እየደበደበች ዘለለች። እኔም በዚህ ዕድሜዬ አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ ሥያለሁ። አዲስ ሠዓሊ ሲመጣ የምነግረው ይህንኑ ነው፦ መጨረሻውን ብታውቅም፣ ክፉ እስኪሠራ ድረስ ሰውዬውን በሁለት ዓይን ሣለው።